አራት ሺህ ተቀዶ አንድ ተሰፋ

«ሰፊዋ» ነበር የሚሏት። የሙያዋ ስም ነው። ሴትዮዋ ግን እንደ ክር የቀጠነች ስለነበረች፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ሂድና ሰፊዋን ጥራልኝ» ይሉትና ደልደል ያለች ሴት ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት እያዩ ይስቃሉ። ድሮ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። በኋላ በኋላ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ «እኔ ነኝ» ትልና መልሳ ታቀረቅራለች።

ስፌት የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ የእግር መኪና ተክሎ ቤተሰብ ያስተዳደረ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱም እናቷም ተከታትለው ሲያልፉ መኪናዋና አንድ ታናሽ ወንድም ቀሩላት። ወንድሟን በስፌት አሳደገችው። በሃያ ሁለት ዓመቷ የሠራዊቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰፊ ይፈልጋል መባሉን ሰምታ ሄደች። የተቀደደ የድንኳን ሸራ ሰጧትና «ጠግኚ» አሏት። ስትጨርስ ፈታኙ፣ ጺሙ የሸበተ አሥር አለቃ፣ ሸራውን በአራት ሰው አስወጥሮ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋበት፤ ራሱ ከሥሩ ተንበርክኮ ወደ ላይ አንጋጦ ጠበቀ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣና «ነገ በጠዋት ነይ» አላት።

የጥገና ክፍሉ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ከውስጥ ሰማይ እንጂ ግቢው አይታይም። አሥራ ሁለት መኪና በሁለት ረድፍ ተተክሏል፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲነዱ ጣሪያው ይርገፈገፋል፣ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። በዚያ ጩኸት መሃል እንኳ ድምፅዋ ጎልቶ የሚሰማ አንዲት ባልደረባ ነበረቻት፤ «ጡሩምባ» ይሏታል። የግቢውን ወሬ ሁሉ ከባለቤቱ ቀድማ የምታውቅ፣ አፏ እንጂ ልቧ ክፋት የሌለበት ሴት ናት።

ከየምድቡ የተቦጨቀ ድንኳን፣ ማንገቻው የተበጠሰ ሻንጣ፣ ዚፑ የዘለለ ካፖርት ይመጣል። ኪስ ሲፈተሽ የእርሳስ ቁራጭ፣ የደረቀ ዳቦ፣ አንዳንዴም ተጽፎ ያልተላከ ደብዳቤ ይገኛል። ሰፊዋ ደብዳቤውን ሳታነብ አጥፋ እዚያው ኪስ ውስጥ ትመልሰዋለች። «ባለቤቱ ባያገኘው የሚለብሰው ሰው ይልክለታል» ትላለች። እንዲህ እያለች አሥራ አራት ዓመት ሰፋች።

ከዚያ ጥናት መጣ። ማን እንዳጠናው የሚያውቅ የለም። ከመጠገን አዲስ መግዛት ያዋጣል ይላል ተባለ። ዘጠኙ መኪና በአንድ ቀን ተጭኖ ወጣ፤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሦስቱ ጥግ ላይ ሸራ ለብሰው ቆሙ። በሩ ላይ የነበረው «ጥገና ክፍል» የሚል ጽሑፍ ተፍቆ በላዩ «ማስወገጃ ክፍል» ተጻፈበት። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች ስድስቱ ቀሩና ለየራሳቸው ትልልቅ መቀስ ተሰጣቸው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል። ስለዚህ የመጨረሻው ወር ሲገባ የሚያስፈልገውም የማያስፈልገውም ይገዛል። ከግምጃ ቤቱ በር እስከ ዋናው መንገድ የጭነት መኪና ይሰለፋል። አንድ ዓመት እጀታ የሌለው ስምንት መቶ አካፋ መጣ። እጀታው በሌላ ጨረታ ተገዝቶ በዓመቱ ሲደርስ እንጨቱ ወፍራም፣ የአካፋው ቀዳዳ ጠባብ ሆነ፤ ሁለቱም በየመጋዘናቸው ተቀመጡ። ሌላ ዓመት የአሸዋ አውሎ ነፋስ መከላከያ መነጽር መጣ፤ ሠራዊቱ ከሰፈረበት ቦታ ሁሉ አሸዋ ያለበት አንድም የለም። ሌላ ጊዜ ጎማ መጣ፤ ጎማው የሚገጠምላቸው መኪኖች ከተሸጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የመጣው ሁሉ ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያ የሚገኘው ደግሞ ቀድሞ የመጣው ሲወጣ ነው። ቀድሞ የመጣው ቀለሙ ተለውጧል፣ ወይም ሞዴሉ አልፎበታል ይባልና ከዝርዝር ይሠረዛል። ከዝርዝር የተሠረዘ የወታደር ዕቃ በሲቪል እጅ እንዳይገባ ከጥቅም ውጪ መሆን አለበት። ከጥቅም ውጪ የሚያደርጉት እነዚህ ስድስት ሴቶች ናቸው።

መጀመሪያ የቀረበላቸው ካፖርት ነበር። ቁልፎቹ ገና በወረቀት እንደተጠቀለሉ ናቸው። ጡሩምባ «ኧረ ጉድ! ይሄን ለብሼ ብሞት አይሻለኝም?» ብላ ጮኸች። አንዷ አለቀሰች። ሰፊዋ መቀሷን አንሥታ መቁረጥ ጀመረች፤ ግን ልማድ ሆኖባት ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ስፌቱን ነበር የምትፈታው። እጅጌውን ከትከሻ፣ ኮሌታውን ከአንገት ለይታ እጥፍጥፍ አድርጋ ትደረድራለች። ተቆጣጣሪው መጥቶ አየና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ተመልሶ ይሰፋል! በስፌቱ አይደለም፤ በጨርቁ መሃል ነው» አላት። በሚቀጥለው ቀን በጨርቁ መሃል ቆረጠች። እጇ ሦስት አራት ቀን እምቢ አላት፤ ከዚያ ለመደ። ሰው የማይለምደው የለም።

ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ። የመቀሱ እጀታ ያረፈባቸው የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀስ በቀስ ደንዝዘው መስማት ተዉ። አንድ ቀን ቤቷ ቁልፍ ስትተክል መርፌ ወግቷት ያወቀችው ጨርቁ ላይ ደም አይታ ነው። ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ እጅሽን አሳርፊ አላት። «እሺ» ብላ ወጥታ በማግስቱ ሥራ ገባች። ወር በገባ ደመወዝ ይከፈላት ነበር፤ ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሚጮህባትም የለም። ማታ ቤቷ ገብታ ፀጉሯ ውስጥ የተሰገሰገውን ብናኝ በማበጠሪያ አውጥታ ትተኛለች። እንዴት ዋልሽ ላላት ሁሉ መልሷ «ደህና» ነው። ውሸቷንም አልነበረም።

በዘጠነኛው ዓመት የመኝታ ከረጢት መጣ። እግር ከተት ተደርጎ እስከ አገጭ በዚፕ የሚዘጋ፣ ውስጡ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር የተሞላ፣ ለብርድ አገር የሚሆን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ተገዝቶ ሦስተኛው መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምሮ ነበር፤ ከላስቲኩ የወጣ አንድም የለም። አራት ሺህ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ከእንግዲህ ቡናማ ይሁን ተባለ።

ሥራው ተራ ነበረው። ላስቲኩን መቅደድ፣ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት፣ ከአፉ እስከ ግርጌው በቁመት አንድ ጊዜ፣ በወርዱ ሁለት ጊዜ መቁረጥ፣ የዚፑን መጎተቻ ነቅሎ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ መጣል፣ በመጨረሻም «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚል ማኅተም መምታት። ጣሳው ማታ ለመጋዘን ጠባቂው ይሄዳል፤ ስንት ከረጢት እንደተቆረጠ የሚታወቀው በመጎተቻው ነው። ቅዳጁ በጆንያ ታጭቆ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ጎድጓዳ ተወስዶ ይቃጠላል። ጥጡ በአዳራሹ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ስለሚሠሩ ጡሩምባ እንኳ ዝም አለች።

ይህ ሥራ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ወንድሟ ደወለ። ወንድሟ ካደገ በኋላ ወታደር ሆኖ ነበር፤ ያን ዓመት የተመደበው በረዶ የማይለቀው ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ ነው።

«እታለም፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ? ምነው ድምፅህ?»

«ብርዱ ነዋ። እዚህ አገር ሰው ሲሳደብ እንኳ ስድቡ በረዶ ሆኖ እግሩ ሥር ነው የሚወድቀው።»

ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ሲከፋው ቀልድ ይበዛበታል።

«መኝታችሁስ?»

«ለዐሥር ሰው ሦስት ከረጢት አለ። በተራ ነው። ተራው ያልሆነ ጓደኛውን አቅፎ ያድራል። ብዙዎቻችን አሁን ከሚስቶቻችን ይልቅ እርስ በርስ እንተዋወቃለን።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ጥያቄ ከላክን ሁለት ወር አለፈ። እታለም፣ እናንተ ግምጃ ቤት የለም እንዴ?»

ሰፊዋ እጇን አየች። ክንዷ ላይ ከትናንት የቀረ ነጭ ብናኝ ተጣብቋል።

«ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሻለቃው ቢሮ ገባች። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ሠራተኛ ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሰው ፊት የማያዋርድ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ካለው መስታወት ሥር የሦስት ሴቶች ልጆቹ ፎቶ አለ፤ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ወረቀት እንጂ ሌላ አይታይም።

«ጌታዬ፣ ያ የምንቆርጠው ከረጢት… ተራራ ላይ ያሉት ልጆች የላቸውም አሉ።»

«ማን አለ?»

«ወንድሜ እዚያ ነው።»

ሻለቃው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ሰፊዋ፣ እኔ ልሰጣቸው ጠልቼ ይመስልሻል? ጥያቄያቸው ደርሶኛል። ይኸው። የጠየቁት የመኝታ ከረጢት ነው። አሁን ዝርዝሩ ላይ የመኝታ ከረጢት የሚባለው ቡናማው ነው። ቡናማው ገና መርከብ ላይ ነው። አረንጓዴው ተሠርዟል። የተሠረዘ ዕቃ ደግሞ የለም ማለት ነው። የሌለ ነገር ከየት አምጥቼ ልላክላቸው?»

«አለ እኮ ጌታዬ። ሦስተኛው መጋዘን ሙሉ ነው።»

«አለ» አለ ሻለቃው። ጥያቄውን ወደ ወረቀቶቹ መሃል መልሶ «አለ፤ ግን የለም» አላት።

ቢሆንም ስልኩን አነሣ። ቆማ ሰማችው። «አቤት ጌታዬ… አዎን… አይ፣ እንደው ለጊዜው ብለን… ገባኝ… ገባኝ ጌታዬ።» ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱ አልተለወጠም። «እስከ ወር መጨረሻ ተቆርጦ ይለቅ ነው የሚሉት። ቦታው ለቡናማው ይፈለጋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ሰፊዋ እጅ ነሥታ ወጣች።

«ምን አለሽ?» አለች ጡሩምባ፣ የአፏን መሸፈኛ ዝቅ አድርጋ።

«አለ ግን የለም አለኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች ጡሩምባ። «አንዱን አውጪለት። በእናትሽ፣ ቀሚስሽ ሥር አድርጊና ውጪ።»

ይህ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል። ከዓመት በፊት አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ለልጇ አልጋ ከቅዳጅ ድንኳን ላይ ክንድ የማይሞላ ሸራ ጠቅልላ ስትወጣ በር ላይ ተይዛ ሦስት ወር ታስራ ነበር። ሰፊዋ መቀሷን አነሣች። ያን ቀን ሃያ ስምንት ከረጢት ቆረጠች፤ ከሌላው ቀን አንድም አላነሰ።

ሐሙስ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግን አንድ ነገር አደረገች። ያሰበችበት ነገር አልነበረም፤ በኋላ ሲጠይቋትም ከዚህ የተለየ መልስ አልነበራትም። ሌሎቹ ምሳቸውን ሲፈቱ እሷ አንድ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቆረጠች። በጨርቁ መሃል አልቆረጠችም፤ እንደ ድሮው ስፌት ስፌቱን ፈታችው። መጎተቻውን ነቅላ ጣሳው ውስጥ ጣለች። ማኅተሙን መታች። ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆሙት መኪኖች ሄዳ አንዱን ከሸራው ገለጠችው፣ ዘይት ጠብ አደረገችለት፣ ክር አስገባች። ጣቶቿ ክሩን ስለማይሰሙት ሁለት ጊዜ ሳተች። ሦስተኛው ገባ።

መኪናው ሲነዳ አምስቱም ሴቶች ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ። ያ ድምፅ በዚያ አዳራሽ ከተሰማ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጡሩምባ ተነሥታ ሰው እንዳይመጣ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሰፊዋ የፈታችውን ሁሉ በድርብ ስፌት መልሳ ገጠመችው፤ በዚፑ ፈንታ ከሻንጣ ማንገቻ የተረፈ ማሰሪያ ተከለችበት። ደስም አላላት፣ አልፈራችም። የላይኛው ክር ትንሽ ጠበቅ ብሎባት አላላችው፤ ከዚያ ቀን ትዝ የሚላት ይኸው ብቻ ነው።

አንድ ዕቃ ከተቀደደ በኋላ ማንም አይቆጥረውም፤ የቅዳጁ መኪናም በር ላይ አይፈተሽም። ቅዳጁን የሚያመላልሰው ሾፌር በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ተራራው ነዳጅ ይዞ ይወጣል። ከረጢቱን ከቅዳጁ ጆንያ ለይታ ሰጠችው።

«ምንድነው?»

«ጨርቅ ነው።»

«ለማን?»

«ለወንድሜ።»

ሾፌሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ማኅተሙን አየና ከወንበሩ ሥር ወሸቀው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሟ ደወለ። «እታለም፣ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ስዳስሰው ስፌትሽን አወቅኩት!» አለ። «ግን ላንድ ሰው አራተኛ ከረጢት ማለት ለዘጠኝ ሰው ጠብ ማለት ነው። ለታመመ ብቻ ይሁን ብለን ተስማማን።»

«አንተስ?»

«እኔ ጤነኛ ነኛ!»

ያን ጊዜ አራቱ ሺህ ተቆርጦ አልቋል። መጋዘኑ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። ቡናማው አልመጣም።

ወንድሟ የታመመው በሚቀጥለው ወር ነው። ለቅኝት ወጥተው በረዶ ውስጥ ሲሄዱ ውለው ተመለሱ፤ ጫማውን ሲያወልቅ የግራ እግሩ ጣቶች ጠቁረው ተገኙ። ጓደኞቹ በዚያችው ከረጢት ጠቅልለው፣ በቃሬዛ ተሸክመው አወረዱት። ከተማ ሆስፒታል ሲደርስ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ፣ ትንሿና ከጎኗ ያለችው።

ሰፊዋ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሄደች። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል።

«ያምሃል?»

«አሁን መድኃኒቱ ነው። እዚያ ሳለን መጀመሪያ አመመኝ፣ ከዚያ ተወኝ። ተሻለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? መጥፎው መተዉ ነው አለኝ።»

ሰፊዋ ይዛለት ከመጣችው ብርቱካን አንዱን ልትልጥለት አንሥታ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው። የቀኝ እጇን አውራ ጣት መዳፏ ውስጥ ሸሸገች።

«አልቅሺ እንጂ እታለም» አላት እየሳቀ። «ሁለት ጣት እኮ ነው የሞተብሽ፤ ለቅሶ ይገባቸዋል።»

ለማልቀስ ሞከረች። አልመጣላትም። ብርቱካኑን ልጣ ሰጠችው።

ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ግን ሆስፒታሉ የሕሙማንን ዕቃ ሲመዘግብ መዝጋቢው ከረጢቱ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚለውን ማኅተም አየ። የተሠረዘ ዕቃ አገልግሎት ሲሰጥ ተገኘ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ከቢሮ ቢሮ እየወጣ ሄደና በሁለት ወሩ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ቡድን ሆኖ ግምጃ ቤቱ ግቢ ገባ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ጡሩምባ መኪናቸውን በበሩ ሽንቁር እያየች። ምን ሊያጣሩ እንደመጡ ገና አላወቀችም ነበር፤ ለአራቱ ሺህ መስሏታል።

ስድስቱም ሴቶች ሻለቃው ቢሮ ተጠሩ። ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰብሳቢው ሙሉ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ከጎኑ ቃለ ጉባዔ የሚይዝ ጸሐፊ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቦርሳዋ ጠርዝ ጠርዙን ያለቀባት ጎልማሳ ሴት ኦዲተር።

«ይህን የሰፋው ማነው?» አለ ሰብሳቢው።

ሻለቃው መሬት መሬቱን ያያል።

«እኔ ነኝ» አለች ሰፊዋ።

«ለምን?»

«ተቀዶ ስለነበረ።»

«የቀደደውስ?»

«እኔ።»

የጸሐፊው እስክርቢቶ ቆመ። ኦዲተሯ ቀና አለች። «እርስዎ ቀደዱት፣ እርስዎ ሰፉት?»

«አዎን።»

«የስረዛው መዝገብ የሚለው አሮጌ ዕቃ ነው። ያረጀ ነበር?»

«አይ። ከላስቲኩ አልወጣም ነበር።»

«እንዲህ ያለ ስንት ቀደዳችሁ?»

«አራት ሺህ ነበር። ዘንድሮ እሱን ነው የቆረጥነው። አምና ሻንጣ ነበር። ካቻምና ደግሞ…» ቆጠረች። አልተቸኮለችም፣ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ የሱቅ ዕቃ ዝርዝር የምትነግር ትመስል ነበር። ኦዲተሯ መጻፏን ትታ ታያት ጀመር።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ጉዳያችን የተሰፋው ነው።»

ውሳኔው ወዲያው አልመጣም፤ ሲመጣም እንደተፈራው አልከፋም። ወንድሟ ታማሚ መሆኑ ታየላትና ከእስር ተረፈች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፣ የዓመቱ እድገቷ ታገደ። ሾፌሩ ወደ ሌላ ምድብ ተዛወረ። ሻለቃው በፈቃዱ ጡረታ ጠየቀ። ኦዲተሯ ስለ አራቱ ሺህ ለብቻዋ ሁለት ገጽ ጽፋ ነበር አሉ፤ አባሪ ሆኖ ገባ። አባሪ የሚያነብ ማን አለ?

ዋናው ሪፖርት አንድ ምክር ነበረው። በእጅ የተቆረጠ ዕቃ ተመልሶ ሊሰፋ እንደሚችል ስለተረጋገጠ፣ እንዳይሰፋ አድርጎ የሚከትፍ ዘመናዊ ማሽን ይገዛ ይላል። በበጀቱ መጨረሻ ማሽኑ ተገዝቶ መጣ። ሣጥኑ አንድ ክፍል ቤት ያህላል። ግምጃ ቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር እንደማይችለው የታወቀው ከወረደ በኋላ ነው። በአዳራሹ በርም አላስገባ አለ። ግቢው መሃል ተቀመጠ። ማሽን እያለ በእጅ መቁረጥ ደግሞ ክልክል ሆነ። ስድስቱ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። ጡሩምባ በሦስት ሳምንት ውስጥ የግቢውን ወሬ ጨርሳ የሌላ መሥሪያ ቤት ጀመረች።

ዝናብ ሲመጣ አዲሱ ኃላፊ ከማሽኑ ላይ ውሃ ሲወርድ አይቶ ደነገጠ። ከሴቶቹ መካከል ሰፊ አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰፊዋ ተጠርታ ሄደች። የሣጥኑን ቁመትና ወርድ ለክታ፣ ከአዲስ ድንኳን ሸራ ቆርጣ፣ አምስት ቀን ሙሉ ሽፋን ሰፋችለት። ኃላፊው እየዞረ አየና «እጅሽ ይባረክ» አላት። «አሜን» አለች።

ወንድሟ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ እሷ ዘንድ ገባ። መጀመሪያ ሰሞን ሲራመድ ወደ ግራ ያዘምም ነበር፤ ውሎ አድሮ አስተካከለው። አንድ ክሊኒክ በረኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሰው ሁሉ ወደደው፤ ታማሚ ሳይቀር በር ላይ ቆሞ ቀልዱን ሳይሰማ አይገባም።

ቡናማው ከረጢት የመጣው ሙቀቱ ሲገባ ነው። ስምንት ሺህ ነበር። አራት ሺህ የታዘዘበት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተልኮ ኖሯል። ያን ዕለት ሰፊዋና ጓደኞቿ ሲያራግፉ ዋሉ፤ ሦስተኛው መጋዘን ሞልቶ የተረፈው በኪራይ ቤት ገባ። ማታ ራት ላይ ለወንድሟ ነገረችው።

«ለተራራው ተላከላቸው በለኛ!» አለ ወንድሟ።

«አልተላከም።»

«ለምን?»

«አጣሪዎቹ እዚያም ሄደው ጠይቀዋቸው የለ? አረንጓዴው አራት ሺህ ነበር ሲሏቸው ጊዜ፣ ጥያቄያቸውን ቀይረው አረንጓዴው ይላክልን ብለው ጽፈዋል። አረንጓዴው ደግሞ የለም።»

ወንድሟ ማንኪያውን አስቀምጦ ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ቆይቶ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋና ግድግዳውን ያይ ጀመር።

«እንደገና ይጽፋሉ» አለች ሰፊዋ።

«ይጽፋሉ» አለ።

ሳህኖቹን አነሣሥታ አጠበች። ውሃው የፈላ እንደሆነ ያወቀችው ከእንፋሎቱ ነው። እጇን አደራርቃ፣ የነገ ልብሷን ወንበር ላይ አኖረች።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«እንደ ሁልጊዜው። ሁለት ሰዓት።»